የግራ ጭኔ ደንዝዟል፣ ደግሞም ያቃጥለኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ሰው አለ?

ካቻቢቴ (ደብረ ማርቆስ)፣ ጥር 16

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙውን ጊዜ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ። ዕድሜዬ 38 ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ዘርጊ ነኝ፤ ከማርቆስ እስከ አማኑኤልና ደንበጫ ድረስ አዲስ ቤት በተሠራበት ሁሉ ሽቦ ስስብ እውላለሁ።

ነገሩ የጀመረኝ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። የግራ ጭኔ በውጭ በኩል፣ ከዳሌዬ ዝቅ ብሎ ጉልበቴ ሳይደርስ፣ ሁለት መዳፍ የሚሸፍነው ያህል ቦታ ደነዘዘ። ብቆነጥጠው የሌላ ሰው ሥጋ የቆነጠጥሁ ይመስለኛል። መደንዘዙ ብቻ ቢሆን ዝም ባልሁ ነበር። የሚገርመው ያው የደነዘዘው ቦታ ያቃጥላል። ሚጥሚጣ የነሰነሱበት ያህል ነው። ማታ ብርድ ልብስ ሲያርፍበት ዘልዬ እነሣለሁ። አንዳንዴ ጉንዳን ይርመሰመስበታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ድንገት ይነዝረኛል። ንዝረትን ለእኔ የሚነግረኝ የለም፣ በሥራዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀምሼዋለሁ። ይህኛው ግን ማጥፊያው የት እንደሆነ ጠፍቶብኛል። መሰላል ላይ ቆሜ ስውል ይብሳል፤ ስቀመጥ ቀለል ይለኛል።

የመጀመሪያው ክሊኒክ «ብርድ ነው» አለና ዲክሎፌናክ ወጋኝ። ሁለተኛው «ሪህ ነው» ብሎ ደም መረመረ፤ ምንም አልተገኘም። ሦስተኛው «ዲስክ ነው» ስላለኝ ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ለዚያ ያወጣሁትን ገንዘብ ለባለቤቴ እስካሁን በትክክል አልነገርኋትም። ውጤቱ «ትንሽ ወጣ ያለ ዲስክ» ይላል፤ ያነበበልኝ ሐኪም ራሱ «ይህ ግን የምትለውን ሕመም አያመጣም» አለኝ። አራተኛው ጭንቀት እንዳለብኝ ጠየቀኝ። አዎን፣ ጭኔ ያስጨንቀኛል አልሁት። አሥር የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ።

እናቴ «የሰው ዓይን ነው፤ በየሰው አዲስ ቤት ስትገባ ስትወጣ በላህ» ትላለች። ባለቤቴ ጨው አግላ በጨርቅ ቋጥራ አስደገፈችኝ፤ ቆዳዬ ውኃ ቋጥሮ እስኪነሣ ድረስ መቃጠሌን አላወቅሁም። ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። «አመመኝ» ስል ሰው ጭኔን ያያል፤ እብጠት የለ፣ ቁስል የለ። ረዳቴ እንኳ ሥራ የሰለቸኝ እየመሰለው ነው። እስቲ ይህን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

የእነማይ ልጅ፣ ጥር 16

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ጓያ አትበላም? በእኛ በመረሬው አገር እግሩ የተያዘ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው። አባቴ በክፉ ቀን ጓያ ብቻ ሲበሉ ከርመው በዱላ የቀሩ ሁለት ወንድማማቾችን ያውቅ ነበር።

ካቻቢቴ፣ ጥር 16

የጓያ ሽሮ አልፎ አልፎ ቤታችን ይገባል፤ ከዚያ የበለጠ አይደለም።

ሲስተር ከጣና ዳር፣ ጥር 17

ወንድም ካቻቢቴ፣ ነርስ ነኝ፤ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪም ስላልሆንሁ የምጽፈውን በዚያ ልክ ውሰደው።

በመጀመሪያ ጓያውን እናንሣ። ጓያ የሚጎዳው ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ነው። ሲጎዳም ሁለቱንም እግር ያገትራል፣ ያደክማል፣ አረማመድ ያበላሻል፤ በአንድ ጭን ላይ ቆዳ አያደነዝዝም። ስለዚህ ሽሮህን ብላ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ፦ ጉልበትህ ይከዳሃል ወይ? ቁጢጥ ብለህ ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት ትችላለህ? የደነዘዘው ቆዳ ቀለሙ ነጣ ወይም ቀላ ብሏል? ሽንትህን መቆጣጠር እንደ ድሮው ነው? በሁለቱ ጭኖችህ መካከል፣ ኮርቻ በሚነካው ቦታ ድንዛዜ አለ? ሌሊት ያልብሃል፣ ኪሎ ቀንሰሃል? የደም ስኳር ተለክተህ ታውቃለህ? የመጨረሻው ጥያቄ ሊያስቅህ ይችላል፦ ወገብህ ላይ ምን ትታጠቃለህ?

ካቻቢቴ፣ ጥር 17

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉልበቴ አይከዳኝም፤ አሁን ቁጢጥ ብዬ ተነሣሁ፣ ልጆቼ ሳቁብኝ። ቆዳው እንዳለ ነው፤ ጨው ያቃጠለው ቦታ ብቻ ጠቁሯል። ሽንት ደህና ነው፣ በጭኖቼ መካከልም ድንዛዜ የለም። ላብ የለም፤ ኪሎ እንኳ ጨምሬአለሁ። ስኳር ተለክቼ አላውቅም።

የመጨረሻው ጥያቄ አላሳቀኝም፤ ደነገጥሁ። መስከረም ላይ ወንድሜ ከዱባይ የመሣሪያ ቀበቶ አምጥቶልኛል። ሰፊ ቆዳ ነው፣ ባለ ብዙ ኪስ። ከዚያ በፊት ዕቃዬን በማዳበሪያ ከረጢት ነበር የምሸከመው። ቀበቶውን ስታጠቅ ማርቆስ ውስጥ እንደ እኔ ያለ ባለሙያ የሌለ ይመስለኝ ነበር። ፒንሳ፣ ስድስት ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ መቁረጫ፣ መዶሻ፣ አንድ ኪስ ሙሉ ምስማር። ጥያቄሽን ካነበብሁ በኋላ ሄጄ በሰፈራችን ሱቅ ሚዛን አስመዘንሁት። 6 ኪሎ ከግማሽ። መዶሻውና ምስማሩ በግራ በኩል ናቸው።

ሲስተር ከጣና ዳር፣ ጥር 18

እንግዲህ ይህን ስማኝ። ከወገብህ፣ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው የወገብ አከርካሪ ደረጃ የሚነሣ አንድ ቀጭን ነርቭ አለ። በሆድ ውስጥ በጎን በኩል ይወርድና ብሽሽት ላይ ካለው ጠንካራ ጅማት ሥር ሾልኮ ይወጣል፤ የሚወጣው ከፊት ለፊት በጣትህ የምትነካው የዳሌ አጥንት ጫፍ አጠገብ ነው። ከዚያ ወደ ጭን ውጭ ጎን ይሄዳል። ሥራው የቆዳ ስሜት ማድረስ ብቻ ነው፤ ጡንቻ አያንቀሳቅስም። በዚያ ጠባብ በር ላይ ሲጫኑት ያንተን ዓይነት ነገር ያመጣል፦ የደነዘዘ፣ የሚያቃጥል፣ ሲቆሙ የሚብስ፣ ሲቀመጡ የሚረግብ፣ ጉልበት ግን የማይነካ። ስሙ ሜራልጂያ ፓረስቴቲካ ይባላል፤ የፊተኛው ቃል በግሪክኛ የጭን ሕመም ማለት ነው። በርንሃርት የተባለ ጀርመናዊና ሮት የተባለ ሩሲያዊ ሐኪም በ1895 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው ጽፈውበታል። የሥነ ልቡናው ሊቅ ፍሮይድ ራሱ ነበረበት፤ በዚያው ዓመት ስለ ራሱ ጭን ጽፏል። «ጭንቀት ነው» ላለህ ሰው ይህን ንገርልኝ።

የሚያመጡት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ ጠባብ ቀበቶ፣ ከባድ ትጥቅ፣ የሆድ መጨመር፣ እርግዝና፣ አንዳንዴ በዳሌ አካባቢ የተደረገ ቀዶ ጥገና፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ነርቩ ቶሎ ይጎዳል። ዲስክህ «ወጣ ብሏል» መባሉም አያስደንግጥህ፤ ምንም ከማያመው ሰው ወገብ ላይም ይገኛል።

ነው ብዬ ግን አልፈርድም። ሐኪም በእጁ ሊመረምርህ ይገባል፤ ጉልበትህን በመዶሻ መትቶ፣ በጥጥና በመርፌ ጫፍ ድንበሩን አይቶ። አስፈላጊ ከሆነ በዚያ በር ላይ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ሕመሙ ወዲያው ከጠፋ ጥፋተኛው ታወቀ ማለት ነው። እስከዚያው ቀበቶውን አውልቅ። ጨውም ሆነ የጋለ ድንጋይ ሁለተኛ አታስደግፍ፤ የማይሰማ ቆዳ እሳትን አይናገርም።

ካቻቢቴ፣ ጥር 18

አሁን ገባኝ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ሲል አምፖሉን ስንቀያይር ከርመናል፤ ሽቦው የተቆነጠጠው ግን ግድግዳው መግቢያ ላይ ነው። ይህን ስሕተት ተለማማጅ ልጅ ቢሠራው እቆጣው ነበር።

ዘዲማ፣ ጥር 18

ልጄ ካቻቢቴ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። የኔታ ዘንድ ቅኔ ስንማር አንድ ነገር ይነገረን ነበር፤ ሰሙ ላይ የቀረ ተማሪ ጆሮ እንጂ ልብ የለውም ይሉናል። አንተ ሰሙን ጭን ላይ አገኘኸው፤ ወርቁ ብሽሽት ውስጥ ነው። ሐኪሞችህ ሰሙን ሲያሹ ነው የቆዩት።

ይህን ያልሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እኔ 67 ዓመቴ ነው። በማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያ ተደግፌ ስቆም የቀኝ ጭኔ በውጭ በኩል ይደነዝዛል፣ ይለበልበኛል። እንዲህ ሲሆን ስንት ዓመቱ ነው! ከጾም በኋላ ሆዴ ሲከሳ ይተወኛል፤ በፍስክ ይመለሳል። እኔ በረከቱ የጾሙ ነው ብዬ ለደቀ መዛሙርት ሳስተምርበት ኖሬአለሁ።

ካቻቢቴ፣ ጥር 18

የኔታ፣ ይበርቱልኝ። በቅኔው ባልከራከርም ሽቦው ይበልጣል። ወርቅ ሲደበቅ ያምራል፤ የተቆነጠጠ ሽቦ ግን ቤት ያቃጥላል።

ዘዲማ፣ ጥር 19

ተፈቅዶልሃል። ነገር ግን «ወርቁ» ያልሁት የታጠቅኸውንም ነው። 6 ኪሎ ከግማሽ ወርቅ! ያስቀናል።

ፈዋሽ ቅባት፣ ጥር 19

[በአወያዩ የተሰረዘ]

አወያይ፣ ጥር 19

የነርቭ ቅባት የሚሸጥ ሰው እዚህ ስልክ ቁጥር አያስቀምጥ። ሦስተኛ ጊዜያችን ነው።

የአባይ ማዶ፣ ጥር 20

ይቅርታ አድርጉልኝና ደስታችሁን ላደፈርስ ነው። በዚህ ቤት አንድ ጥያቄ ሲነሣ ሁለት ቀን ሳይሞላው ስም ይወጣለታል። ወንድሜ ደጀን ነበር የሚኖረው። ጭኑ ደነዘዘ። ሰው ሁሉ «ቀበቶ ነው፣ አቀማመጥ ነው፣ የሹፍርና ሥራ ነው» አለው። አራት ወር ሙሉ ወጌሻ ሲያሸው ከረመ። በመጨረሻ እግሩ መነሣት ሲያቅተው ነው ሆስፒታል የገባው፤ የአከርካሪ ቲቢ ነበር። መድኃኒቱን ጨርሶ ድኗል፤ ነገር ግን ዛሬም ከዘራ ይዞ ነው የሚሄደው። ሌሊት ሌሊት ላብ ነበረው፣ ወገቡ አንድ ቦታ ላይ ሲነካ ይጮህ ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም።

ሲስተር ከጣና ዳር፣ ጥር 20

ያልኸው ትክክል ነው፤ እኔም ስለዚያ ነው አስቀድሜ የጠየቅሁት። ወንድምህ የነበሩት ምልክቶች፣ ማለትም ላቡ፣ የወገቡ ሕመም፣ የእግሩ ድካም በሜራልጂያ ውስጥ የሉም። ከእነዚህ አንዱ ያለው ሰው፣ ወይም ሽንቱ የተያዘበት ወይም ያመለጠው፣ ወይም በኮርቻ ቦታው የደነዘዘ ሰው ይህን ገጽ ማንበብ ትቶ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ሽንትና ኮርቻ ቦታ ሲሆን ደግሞ በዚያው ቀን።

የአባይ ማዶ፣ ጥር 20

እሺ። ቁጣዬ በአንቺ ላይ አልነበረም።

የደጀኗ፣ ጥር 22

እኔም ደጀን ነኝ፤ የእኔ ታሪክ ግን የሚያስቅ ነው። ሁለተኛ ልጄን ሰባት ወር እርጉዝ ሳለሁ የቀኝ ጭኔ ደነዘዘ። ልክ ካቻቢቴ እንዳለው ነው፤ ቀሚስ ሲነካኝ የሳማ ቅጠል የነካኝ ይመስለኛል። ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ «ሆድሽ ነርቭ ተጭኖ ነው፣ ስትወልጂ ይለቅሻል» አለችኝ። ወለድሁ። አልለቀቀኝም።

ለምን መሰላችሁ? እናቴ በወለድሁ በማግሥቱ «ሆድሽ እንዳይንቦረቀቅ» ብላ በመቀነት ጠፍንጋ አሰረችኝ። ስምንት ክንድ መቀነት! ቋጠሮው በቀኝ ዳሌዬ አጥንት ላይ ነው። አራስ ቤት ሆኜ በአንድ በኩል ገንፎ፣ በአንድ በኩል እሳት። በክርስትናው ሰሞን አዋላጇ ልትጠይቀኝ መጥታ መቀነቱን ስታይ እናቴን «እማማ፣ ልጅዎ ማገዶ አይደለችም» አለቻቸው። እናቴ ዛሬም ድረስ አልረሳችላትም። ቋጠሮው ተፈታ፤ ማቃጠሉ በሦስት ሳምንት ቆመ፤ ድንዛዜው ግን ልጄ እስኪቀመጥ ድረስ ቆየ።

ካቻቢቴ፣ ጥር 22

ልጅሽ በስንት ወሩ ተቀመጠ?

የደጀኗ፣ ጥር 22

በሰባት። ታገሥ ማለቴ ነው።

መድኃኒት ቤት፣ ጥር 24

በፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። በቀን ስንት ሰው «የነርቭ መርፌ ስጡኝ» ብሎ እንደሚመጣ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ስለዚህ ጥቂት ልበል።

የቢ ቫይታሚን መርፌ የሚጠቅመው ቫይታሚኑ ያነሰበትን ሰው ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስድ የስኳር ታማሚ፣ ሥጋና ወተት ጨርሶ የማይቀምስ ሰው፣ ጨጓራው የተጎዳ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፤ ያ ሲሆን ግን ድንዛዜው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም እግር ጣቶች ይጀምራል እንጂ አንድ ጭን አይመርጥም። ቢ6 ደግሞ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ያበላሻል። ይህን ስነግራቸው የሚቆጡኝ አሉ፤ ቫይታሚን የሚጎዳ አይመስላቸውም። የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱት ግን ሐኪም ያዘዘላቸውን ቢ6 አያቋርጡ፤ እርሱ በልኩ የታዘዘ ነው።

ዲክሎፌናክ ለነርቭ ቃጠሎ ብዙም አይረባም፤ ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ለዚህ ዓይነቱ ሐኪም የሚያዘው ብዙ ጊዜ ጋባፔንቲን ወይም ማታ የሚወሰድ አነስተኛ መጠን አሚትሪፕቲሊን ነው። ሁለቱም እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛሉ፣ ያዞራሉ። ካቻቢቴ፣ አንተ መሰላል የምትወጣ ሰው ነህና ቢታዘዝልህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከምድር አትነሣ። ጋባፔንቲን ደግሞ «ተሻለኝ» ተብሎ በአንድ ቀን አይቆምም፤ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። የጎረቤት ኪኒን ተውሶ የሚውጥ ሰውም አለ፤ እርሱን ምን እንደምለው አላውቅም።

አንዲት እናት ከቢቸና፣ ጥር 25

ልጆቼ፣ ይህን ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ጭኔ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶብኝ ነበር። ውኃ የቋጠረ ሽፍታ በአንድ በኩል ብቻ፣ እንደ መቀነት ተጠምጥሞ። ሽፍታው ደረቀ፤ እሳቱ ግን ውስጥ ቀረ። ያ ልጅ የሚለው ማቃጠል ይህ ይሆን?

ሲስተር ከጣና ዳር፣ ጥር 25

እማማ፣ የእርስዎ ሌላ ነው። አልማዝ ባለጭራ በልጅነት ከያዘን የጉድፍ ቫይረስ የሚነሣ ነው፤ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖርና ዕድሜ ሲገፋ ወይም አቅም ሲያንስ ይነቃል። ሽፍታው ከጠፋ ከሦስት ወር በኋላም የሚቆይ ቃጠሎ የነርቩ ጠባሳ ነው። መድኃኒት ቤት የጠቀሳቸው ኪኒኖች ለእርስዎም ይታዘዛሉና ሐኪም ያማክሩ፤ ስኳርና ሌላ ሕመም እንዳለብዎትም ይታዩ። ለሌሎቻችሁ፦ ሽፍታው በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ የደረሰ ሰው አሲክሎቪር ሲጀመርለት የተሻለ ይሆናል። ቅጠል እየለጠፋችሁ ሳምንት አትፍጁ።

ያልታወቀ እንግዳ፣ ጥር 27

እኔ ጥያቄዬን በሌላ ስም ነው የምጽፈው። ጭኔ ላይ ጥርት ያለ ድንበር ያለው፣ ነጣ ያለ ቦታ አለ። አያመኝም፣ አያቃጥለኝም። እሳት አጠገብ ተቀምጬ ተቃጥሎ አላወቅሁም። አያቴ ያን ክፉ በሽታ ነበረበት ይላሉ። ፈራሁ።

ሲስተር ከጣና ዳር፣ ጥር 27

ወንድሜም ሆንሽ እኅቴ፣ ስሙን ልጥራው፤ ሥጋ ደዌን ነው የምትፈሩት። የነጣና የማይሰማ ቆዳ ካለ መታየት ያለበት ነው። በዘር የሚተላለፍ እርግማን አይደለም፤ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ እንደ ሁኔታው 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ ከተጀመረ በኋላ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ ብዙም ሳይቆይ ይቆማል። ጣት የሚያሳጣው ዘግይቶ መሄድ ነው። ጤና ጣቢያ ስትገቡ «ቆዳዬ አይሰማኝም» በሉ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። በጥጥ ይፈትኗችኋል።

ካቻቢቴ፣ የካቲት 9

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ቀበቶውን ካወለቅሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ አልነበረም። «ሲስተርም እንደ ሌሎቹ ሆነች» ብዬ በልቤ አምቼሻለሁ። ስኳሬን ተለካሁ፣ ደህና ነው። ከዚያ አንድ ወጣት ሐኪም አገኘሁ። ሱሪዬን አስወልቆ ግማሽ ሰዓት በጥጥ፣ በመርፌ ጫፍ፣ በመዶሻ ፈተሸኝ። እስካሁን ካየኝ ሰው ሁሉ ጭኔን በእጁ የነካ እርሱ ብቻ ነው። የዳሌ አጥንቴ ጫፍ አጠገብ በጣቱ ሲመታኝ እሳቱ እስከ ጉልበቴ ወረደ። እንባዬ መጣ፤ የሕመሙ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አሚትሪፕቲሊን አነስተኛውን መጠን ማታ ማታ ሰጠኝ። ካልተሻለህ መርፌ አለ፣ ቀዶ ጥገናም አለ፤ ግን ብዙ ሰው እዚያ አይደርስም አለኝ። ኪሎም ቀንስ ብሎኛል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ጾሙ ሊገባ ነው፣ እርሱን ለእኔ ተወው አለች።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። ያለ ቀበቶ መሰላል ላይ መሥራት ሌላ ሥራ ነው። ፒንሳ ረስቼ እወርዳለሁ፤ ካቻቢቴ ረስቼ እወርዳለሁ። በቀን ሠላሳ ጊዜ ወርጄ እወጣለሁ። ረዳቴ አሁን ሥራ እንዳልሰለቸኝ ገብቶታል፤ የሚያቀብለኝ እርሱ ነውና እርሱ ሳይሰለቸው አልቀረም።

የእነማይ ልጅ፣ የካቲት 9

በትከሻ የሚንጠለጠል ማንገቻ አሠርተህ ብትይዝስ? ሸክሙ ወደ ትከሻ ይወጣል። ቢቸና ውስጥ ለአናጢዎች የሚሠራ ቆዳ ሰፊ አለ።

ዘዲማ፣ የካቲት 10

እኔም መታጠቂያዬን አላልቼ ቆሜ አደርሁ። ጭኔ አልተናገረም። ደቀ መዛሙርቱ ግን ምክንያቱን ሲሰሙ በጾም ያስተማርኋቸውን አስታወሱኝ። መምህር መሆን እንዲህ ነው፤ የተናገርኸው ሁሉ ይቀመጥልሃል።

ካቻቢቴ፣ ሚያዝያ 20

የማንገቻው ምክር ተፈጽሟል፤ የእነማይ ልጅ፣ ቆዳ ሰፊው ሰላም ብሎሃል። ከወገብ ላይ ሸክም ጠፍቷል። ማቃጠሉ አሁን በሳምንት አንድ ጊዜ ብቅ ይላል፤ ረጅም መንገድ በእግሬ ስሄድ ወይም ጠባብ ሱሪ ስለብስ። ብርድ ልብስ ደርቤ እተኛለሁ። መድኃኒቱን ሐኪሙ ቀስ እያደረገ እያስቀነሰኝ ነው።

ድንዛዜው ግን አለ። ሐኪሙ ባስተማረኝ መሠረት በየወሩ መጀመሪያ ባለቤቴ በጥጥ እየነካች «ይሰማሃል?» ትለኛለች፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እመልሳለሁ፤ ድንበሩን በእስክሪብቶ ታሰምረዋለች። ከየካቲት ወዲህ ከላይ በኩል ሁለት ጣት ጠቧል። ከታች በኩል እንዳለ ነው። ትንሹ ልጄ የጎጃም ካርታ ነው ይለዋል፤ አባይ በየት በኩል እንደሚዞር አሳየኝ።

ቀበቶውን አልሸጥሁትም። ለማን እሸጠዋለሁ?

አዲስ ገቢ (ቡሬ)፣ ሚያዝያ 23

ይህን ክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁት። የእኔም የቀኝ ጭኔ ከፊት በኩል ደንዝዟል፤ መቀነቴን ላላ አድርጌ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። የሚለየው ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ይታጠፍብኛል፤ ከትናንት ወዲያ ገበያ መንገድ ላይ ወደቅሁ። ወገቤንም ያመኛል። ትንሽ ልጠብቅ ወይስ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሲስተር ከጣና ዳር፣ ሚያዝያ 23

እኅቴ፣ አትጠብቂ። ጉልበት የሚከዳ ከሆነ ያ የካቻቢቴ ሕመም አይደለም። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ሂጂ፤ ሽንትሽ ከተያዘ ወይም ካመለጠሽ ደግሞ ዛሬ ማታውኑ። አብሮሽ የሚሄድ ሰው አለ?